ንጹሕ እጅ ብቻውን አይበቃም፦ ስለ አቡበከር ታፋዋ ባሌዋ የተደረገ ምልልስ

ናይጄሪያን ከ1957 እስከ 1966 በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሯት ሰር አቡበከር ታፋዋ ባሌዋ ዛሬ በአገራቸው በዩኒቨርሲቲ፣ በአደባባይና በገንዘብ ኖት ላይ ስማቸው ሰፍሯል። ስለ አስተዳደራቸው የሚሰጠው ፍርድ ግን እስከ አሁን አንድ አልሆነም። በዚህ ምልልስ የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ለረጅም ዘመን የአፍሪካን ታሪክ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህርና ስለ አፍሪካ መሪዎች ተከታታይ ጽሑፍ የምታዘጋጅ ወጣት ጋዜጠኛ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆኑ፣ በእኛ አቆጣጠር የተጠቀሰው ዓ.ም. በሚል ተለይቷል።

ጋዜጠኛ፦ ጋሼ፣ ዛሬ የመጣሁት ልከራከርዎት ነው። ስለ ባሌዋ ያነበብኩት ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው። ግማሹ ደግ፣ ትሑት፣ ንጹሕ ሰው ነበሩ ይላል። ግማሹ ደግሞ የእንግሊዝ ወዳጅ፣ የሰሜኑ መሪ ጥላ፣ በመጨረሻም አገር ሲነድ ቆመው ያዩ ሰው ያደርጋቸዋል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ።

መምህር፦ አዘንብይ፣ ክፋት የለውም። ግን ከመፍረድሽ በፊት ሰውየውን እናውቃቸው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። ባሌዋ በ1912 መጨረሻ በሰሜን ናይጄሪያ፣ በባውቺ ግዛት፣ ታፋዋ ባሌዋ በምትባል መንደር ተወለዱ። የሚጠሩበት ስም የመንደራቸው ነው፤ በዚያ አገር ሰው በትውልድ ቦታው መጠራቱ የተለመደ ነው። አባታቸው በሌሬ ወረዳ ገዥ ቤት የሚያገለግሉ ሰው ነበሩ። ይህን አጥብቀሽ ያዢልኝ። የሰሜኑ ፖለቲካ የአሚሮችና የመሳፍንት ልጆች ርስት በነበረበት ዘመን፣ ባሌዋ የማንም አሚር ልጅ አልነበሩም።

ጋዜጠኛ፦ ታዲያ እንዴት እዚያ ደረሱ?

መምህር፦ በትምህርት። ቁርዓን ቀርተው፣ በባውቺ ዘመናዊ ትምህርት ጀምረው፣ ካትሲና ኮሌጅ ገቡ። ካትሲና እንግሊዞች ለሰሜኑ መምህራንን ለማፍራት ያቋቋሙት፣ የታላላቅ ሰዎች ልጆች የሚበዙበት ትምህርት ቤት ነው። በኋላ የሰሜኑ ገናና መሪ የሆኑት አህመዱ ቤሎም የተማሩት እዚያው ነው። ባሌዋ በ1933 የመምህርነት ምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ባውቺ ተመልሰው ማስተማር ጀመሩ፤ ቆይተውም ርዕሰ መምህር ሆኑ። ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት ከአሥር ዓመት በላይ ጠመኔ የጨበጡ ሰው ናቸው።

ጋዜጠኛ፦ ልብ ወለድም ጽፈዋል አሉ።

መምህር፦ ጽፈዋል። በዚያው ሰሞን የሰሜን ናይጄሪያ የትርጉም ቢሮ በሐውሳ ቋንቋ የልብ ወለድ ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ሃያዎቹን ገና የጀመሩት ወጣት መምህር ሸይኹ ኡማር የተባለውን አጭር ልብ ወለድ ጽፈው ተወዳደሩ፤ መጽሐፉ በ1934 ታተመ። ኡማር በልጅነቱ ተሰርቆ ሰሃራን አቋርጦ ግብፅ ይወሰዳል፤ እዚያ ተምሮ ሊቅ ይሆናል። እናቱ እሱን ፍለጋ ስትወጣ በተራዋ ባሪያ ትደረጋለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ይገናኛሉ፤ እሷ ግን ሳትቆይ ትሞታለች። ታሪኩን ለደቀ መዛሙርቱ የሚተርከው ራሱ ኡማር ነው፤ አርጅቶ፣ መምህር ሆኖ። የደረሰበትን ግፍ ሁሉ ሲናገር ማንንም አይራገምም፤ ብቀላም አይመኝም። ታገሠ፣ ተማረ፣ አስተማረ። ባሌዋን ማወቅ የፈለገ ሰው ከዚያች ትንሽ መጽሐፍ ቢጀምር አይሳሳትም።

ጋዜጠኛ፦ ትዕግሥት ለመምህር ጌጡ ነው ጋሼ። ለጠቅላይ ሚኒስትርስ?

መምህር፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አትርሺው። ከ1945 እስከ 1946 በለንደን ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ተቋም ተማሩ። ሲመለሱ፣ ያለ ፍርሃት የሚኖር፣ ሕግ ማክበር ተፈጥሮው የሆነ ሕዝብ አይቼ መጣሁ ብለዋል። ያየውን አድንቆ ዝም የሚል ብዙ ነው። እሳቸው ግን በ1950 በሰሜኑ ምክር ቤት ተነሥተው፣ የአሚሮች ያልተገደበ ሥልጣንና በአስተዳደሩ የተንሰራፋው ጉቦ እንዲመረመር ኮሚሽን ይቋቋም ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። አሚሮቹ ክፉኛ ተቆጡ። በዚያን ጊዜ፣ በዚያ አገር፣ የባለ ሥልጣን ልጅ ያልሆነ መምህር ይህን መናገሩ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ጋዜጠኛ፦ ደፋርነታቸውን አልክድም። ግን በ1940ዎቹ መጨረሻ የናይጄሪያ አንድነት የእንግሊዞች ሐሳብ እንጂ የሕዝቡ አይደለም ያሉትም እሳቸው ናቸው። አገር አለ ብሎ የማያምን ሰው እንዴት አገር ይመራል?

መምህር፦ ብለዋል፤ ያሉትም የሰሜኑን ፍርሃት ነው። ደቡቡ በዘመናዊ ትምህርት እጅግ ቀድሞ ነበር። ነጻነት ቶሎ ከመጣ መሥሪያ ቤቱ፣ ባቡሩ፣ ባንኩ ሁሉ በደቡብ ሰዎች ይያዛል የሚል ሥጋት በሰሜን ነበር። ግን ሰው ባለበት አይቀርም። በ1955 የትራንስፖርት ሚኒስትር ሳሉ የወንዝ ማጓጓዣን ሊያጠኑ አሜሪካ ሄዱ። ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ ሁለት መቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ አንድ አገር መሥራቱን ሲያዩ፣ ናይጄሪያም ይቻላታል የሚል እምነት ይዘው ተመለሱ። በ1957 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ መጀመሪያ ያደረጉት ሦስቱንም ትልልቅ ፓርቲዎች ያቀፈ መንግሥት ማቋቋም ነው። የሰሜኑ፣ የምሥራቁና የምዕራቡ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ለነጻነት ተዘጋጁ።

ጋዜጠኛ፦ እሺ፣ ወደ ሁለተኛው ክሴ ልሂድ። በ1959ኙ ምርጫ ያሸነፈው ፓርቲ መሪ እሳቸው አልነበሩም። በሳርዳውና ማዕረጋቸው የሚጠሩት የሶኮቶው አህመዱ ቤሎ ናቸው። ቤሎ በሰሜኑ መዲና በካዱና ተቀምጠው ምክትላቸውን ባሌዋን ወደ ፌዴራሉ መዲና ወደ ሌጎስ ላኩ። የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የአንድ ክልል መሪ ምክትል ሆኖ ሊታይ ይገባ ነበር?

መምህር፦ እዚህ ላይ የምትዪው እውነት አለው። ፌዴራሉ ምክር ቤት 312 መቀመጫ ነበረው። የእነ ባሌዋ የሰሜን ሕዝብ ኮንግረስ 134 አገኘ፤ የናምዲ አዚክዌ ፓርቲ ከሰሜኑ አጋሩ ጋር 89፤ የኦባፌሚ አዎሎዎ አክሽን ግሩፕ 73። ብቻውን መንግሥት ሊያቆም የሚችል ስላልነበረ ባሌዋ ከአዚክዌ ፓርቲ ጋር ተጣምረው ገዙ። አዎሎዎ የተቃዋሚው መሪ ሆኑ። እንግዲህ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ቦታ ተመልከቺ። መንበሩ በእሳቸው እጅ ነው፤ የፓርቲው ጉልበት በካዱና ነው፤ የምክር ቤቱ ድምፅ በከፊል በጥምር ፓርቲው ኪስ ነው። ሚኒስትር ልሻር ቢሉ ጥምረቱ ይናጋል፤ የሰሜኑን ሰው ልቆጣ ቢሉ ፓርቲያቸው ይጠይቃቸዋል።

ጋዜጠኛ፦ ታዲያ ጥላ ነበሩ ማለት ነው።

መምህር፦ አይደሉም። ጥላ የራሱ ሐሳብ የለውም። የውጭ ጉዳይ ፖሊሲያቸውን እይው። የእንግሊዝ ወዳጅ ነበሩ ላልሽውም መልሱ እዚያ ነው። በኦክቶበር 1 ቀን 1960 በሌጎስ የፈረስ መጋለቢያ ሜዳ የናይጄሪያ ባንዲራ ሲሰቀል፣ ያንን ሁሉም ያደነቀውን ወርቃማ ድምፃቸውን አሰምተው እንግሊዞችን በወዳጅነት አመሰገኑ። ብዙ ወጣቶች ይህን አልወደዱላቸውም። ሦስት ወር ሳይቆይ ግን ፈረንሳይ በሰሃራ ሦስተኛውን የኑክሌር ቦምብ ስትሞክር፣ ጃንዋሪ 1961 ላይ የፈረንሳይን አምባሳደር አስወጡ፤ የዲፕሎማሲ ግንኙነቱን አቋረጡ፤ መርከቦቿና አውሮፕላኖቿ ናይጄሪያ እንዳይደርሱ ከለከሉ። የሦስት ወር መንግሥት ይህን ሲያደርግ ቀላል ነገር አይደለም። ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመውንም የመከላከያ ስምምነት የኢባዳን ተማሪዎች ከተቃወሙትና ምሁራን ካወገዙት በኋላ በጃንዋሪ 1962 ሰረዙት። የተማሪ ጩኸት ሰምቶ ውል የሚሰርዝ መሪ በዚያን ጊዜ ስንት ነበር?

ጋዜጠኛ፦ አዲስ አበባ ሲመጡስ? የጋናው ንክሩማ አፍሪካ ዛሬውኑ ትዋሐድ ሲሉ፣ ቀስ እንበል ካሉት ዋነኛው ባሌዋ ናቸው ይባላል።

መምህር፦ አዎ፣ ያንን ወር እኔ በደንብ አውቀዋለሁ። ግንቦት 1955 ዓ.ም. በአፍሪካ አዳራሽ የነጻዎቹ አገሮች መሪዎች ተሰበሰቡ። አፍሪካ በሁለት ጎራ ተከፍላ ነበር። ጋና፣ ጊኒ፣ ማሊ፣ ግብፅና ሌሎቹ የካዛብላንካ ቡድን ይባሉ ነበር፤ ናይጄሪያና ላይቤሪያን የመሰሉት የሞንሮቪያ ቡድን። ጃንሆይ ሁለቱን ለማቀራረብ ብዙ ደክመዋል። ንክሩማ አንድ የአፍሪካ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም አሉ። ባሌዋ ደግሞ፣ አንድነቱ ከንግድ፣ ከመንገድ፣ ከፖስታና ከትምህርት ይጀምር፤ ትንሹም ትልቁም አገር እኩል ይከበር፤ ማንም የማንንም መንግሥት ለመገልበጥ አይሥራ የሚል አቋም ያዙ። ግንቦት 17 የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በአብዛኛው ወደ ባሌዋ ወገን ያደላ ነው።

ጋዜጠኛ፦ ይህ ለአፍሪካ ጠቀማት ይላሉ? ድንበሩ እንዳለ ቀረ፤ መንግሥታቱ አንዱ የሌላውን ገበና እንዳይነካ ተስማሙ፤ ለስንት ዓመት የገዛ ሕዝባቸውን የጨፈጨፉ ሁሉ ከዚያ ቻርተር ጀርባ ተደበቁ።

መምህር፦ የመሪዎቹ ሥጋት ከባዶ አልመጣም። ከጉባኤው አራት ወር በፊት የቶጎው ፕሬዚዳንት ሲልቫነስ ኦሊምፒዮ በአገራቸው ወታደሮች ተገድለው ነበር። ናይጄሪያ እጅግ ደነገጠች። ስለዚህ በቻርተሩ ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ፖለቲካዊ ግድያ በማናቸውም መልኩ የተወገዘ ነው ተብሎ ተጻፈ። አስቢው፤ ባሌዋ እኛው ከተማ ውስጥ ያንን አንቀጽ ፈረሙ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ራሳቸው በገዛ መኮንኖቻቸው ተገደሉ። እኔ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር።

ጋዜጠኛ፦ ያስደነግጣል።

መምህር፦ ሌላም የሚያገናኘን አለ። ኢትዮጵያም ናይጄሪያም ኮንጎ ጦር ልከዋል። የተባበሩት መንግሥታትን የኮንጎ ጦር ከ1962 ጀምሮ የመሩት የእኛው ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ፤ በ1964 ደግሞ ናይጄሪያዊው ጆንሰን አጉዪ-ኢሮንሲ መሩት። ይህን ስም ያዢው፤ በኋላ ይመጣል።

ጋዜጠኛ፦ እንግዲህ ዋናውን ክስ ላንሣ። አንድ መሪ በውጭ የቱንም ያህል ቢከበር፣ የሚመዘነው በቤቱ ነው። የምዕራብ ክልልን ነገር ያስረዱኝ።

መምህር፦ አስረዳሻለሁ፤ ሙት ወቃሽ አያርገኝ እንጂ፣ እዚህ ላይ ባሌዋን የምከላከልበት አንደበት የለኝም። በ1962 በምዕራብ ክልል በአክሽን ግሩፕ ውስጥ ጠብ ተነሣ። በፓርቲው መሪ በአዎሎዎና በክልሉ ፕሪሚየር በሳሙኤል አኪንቶላ መካከል ነበር። ሜይ 25 ቀን ኢባዳን ላይ የክልሉ ምክር ቤት ሲሰበሰብ አባላቱ ወንበር ተወራወሩ፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጋዝ ረጭቶ በተናቸው። በአራተኛው ቀን የፌዴራሉ ምክር ቤት በምዕራብ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ክልሉ ለመንፈቅ ከሌጎስ በተላከ አስተዳዳሪ ተገዛ። አዋጁ ሲያበቃ ሥልጣኑ ለአኪንቶላ ተመለሰ። አዎሎዎ በአገር ክህደት ተከሰው በሴፕቴምበር 1963 አሥር ዓመት ተፈረደባቸው። የተቃዋሚው መሪ እስር ቤት ገቡ።

ጋዜጠኛ፦ በአንድ አዳራሽ ውስጥ በተወረወረ ወንበር ምክንያት።

መምህር፦ አዎ። አሁን 1965ን ተመልከቺ። ኦክቶበር ላይ በዚያው ክልል ምርጫ ተደረገ። ድምፅ ተሰረቀ፤ እጩዎች እንዳይመዘገቡ ተደረገ፤ የአኪንቶላ ፓርቲ አሸነፈ ተባለ። ሕዝቡ ተነሣ። ቤትና መኪና፣ ሰውም ጭምር፣ ቤንዚን እየተርከፈከፈበት ተቃጠለ። መንገዱ ሁሉ ተዘጋ። ይህ ነገር ለሦስት ወር ቀጠለ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አልታወጀም።

ጋዜጠኛ፦ ለምን?

መምህር፦ ደጋፊዎቻቸው ምርጫው የክልሉ ጉዳይ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ እጃቸውን አስሮት ነበር ይላሉ። በ1962 ግን ያው ሕገ መንግሥት አላሰራቸውም። ልዩነቱ አኪንቶላ በ1965 የሰሜኑ ፓርቲ አጋር መሆናቸው ነው። ሕጉ በባላንጣ ላይ በአራት ቀን ወረደ፤ በወዳጅ ላይ ሦስት ወር ቆይቶም አልደረሰም። ባሌዋ የጻፉት መጽሐፍ ትዕግሥትን ያስተምራል ብዬሽ ነበር፤ አትርሺው ያልኩሽ ጥያቄም ይህ ነው። ትዕግሥት የራስን በደል ሲችሉ በጎ ነገር ነው። የሌላው ቤት ሲቃጠል መታገሥ ግን ውሳኔ ነው፤ መሪም ይጠየቅበታል።

ጋዜጠኛ፦ የእኛ ሰው በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ የሚለው ለዚህ ነው። ሰው ቢሸነፍ ይችለዋል፤ ፍርድ ሲያዳላ ግን አይችለውም።

መምህር፦ ልክ ነው። የምዕራቡ ሕዝብ የቆጨው መሸነፉ አልነበረም። ድምፁን ሰጥቶ ድምፁ አለመቆጠሩ፣ የሚጮኽበትም ዳኛ ማጣቱ ነው። ሌሎቹም ቀዳዳዎች ቀስ በቀስ ሰፍተዋል። በ1962 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ተሰረዘ፤ የ1963ቱ 55.6 ሚሊዮን ሕዝብ አለ ሲል ከግማሽ በላዩ፣ 29.8 ሚሊዮኑ፣ ሰሜን ሆኖ ተገኘ። የምክር ቤት መቀመጫ የሚከፋፈለው በቁጥር ስለሆነ ደቡቡ ቆጠራውን አላመነውም። የ1964ቱ ምርጫ ሲመጣ ተቃዋሚው ጥምረት አልሳተፍም አለ። አዚክዌ በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ባሌዋን መንግሥት እንዲያቋቁሙ አልጠይቅም አሉ። ለጥቂት ቀናት ጦሩ የሚታዘዘው ለማን ነው የሚል ጥያቄ በሌጎስ ተንሸራሸረ።

ጋዜጠኛ፦ እንዴት በረደ?

መምህር፦ ሁለቱም ተመለሱ። ጃንዋሪ 4 ቀን 1965 ተስማሙ፤ ባሌዋ ሰፋ ያለ መንግሥት አቋቋሙ፤ ምርጫ ባልተደረገባቸው አካባቢዎች በማርች ተደረገ። ለሁለቱም ክብር ይገባቸዋል፤ አንዱ ቢያስተኩስ ኖሮ ጦርነቱ ያኔ በተጀመረ ነበር። ሌላም የማመሰግናቸው ነገር አለ። በ1963 ሰውን ያለ ፍርድ ማሰር የሚያስችል ሕግ ይውጣ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ጋና ከ1958 ጀምሮ እንዲህ ያለ ሕግ ነበራት። በናይጄሪያ ጋዜጦችና የሕግ ሰዎች ሲቃወሙት ሐሳቡ ተተወ። በባሌዋ ዘመን ጋዜጣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይሰድብ ነበር፤ ጠዋትም ይታተማል።

ጋዜጠኛ፦ ስለ ገንዘብስ? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት የእኛም የእነሱም ሹማምንት በሚገባ ይዘውታል።

መምህር፦ እሳቸው አልበሉም። ጠላቶቻቸውም እንኳ ሰረቁ አላሏቸውም። ኑሯቸው እንደ መምህርነታቸው ዘመን ቀላል ነበር። በካቢኔያቸው ውስጥ ግን በጉቦ ስማቸው የሚነሣ ሚኒስትሮች ነበሩ፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ጥምረቱ እንዳይፈርስ ሲሉ አልነኳቸውም። በ1950 በአሚሮች ፊት ቆሞ ጉቦን ያወገዘ ሰው፣ በ1965 ከጉቦኛ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጠ። ይህ ከሁሉ ያሳዝነኛል።

ጋዜጠኛ፦ እንግዲያው መኮንኖቹ ያደረጉት ትክክል ነበር?

መምህር፦ በፍጹም! ይህን በደንብ ጻፊው። በጃንዋሪ 1966 ባሌዋ በሌጎስ የኮመንዌልዝ መሪዎችን ጉባኤ ያስተናግዱ ነበር። ከለንደን ውጭ የተደረገ የመጀመሪያው ነው። ጉዳዩም የሮዴዥያ ነጮች ያወጁት ነጻነት ነበር። የእንግሊዙ ሃሮልድ ዊልሰንም ተገኝተዋል። ጉባኤው ጃንዋሪ 12 ተጠናቀቀ። ጃንዋሪ 15 ከመንጋቱ በፊት ወጣት ሻለቆች ተነሡ። ባሌዋን ከመኖሪያ ቤታቸው የወሰዳቸው ሻለቃ ኢማኑዌል ኢፌአጁና ነው። ይህ ሰው በ1954 በቫንኩቨር በተደረገው የብሪታኒያ ኢምፓየርና ኮመንዌልዝ ጨዋታ በከፍታ ዝላይ ወርቅ አምጥቶ አገሩን ያኮራ፣ ፎቶግራፉ በተማሪ ደብተር ሽፋን ላይ የወጣ ወጣት ነበር። በዚያች ሌሊት ሳርዳውና በካዱና፣ አኪንቶላ በኢባዳን፣ የገንዘብ ሚኒስትሩና በርካታ ከፍተኛ መኮንኖችም ተገደሉ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ አስከሬን ከቀናት በኋላ ከሌጎስ ወደ አቤኦኩታ በሚወስደው መንገድ ዳር ተገኘ። በባውቺ ተቀበሩ።

ጋዜጠኛ፦ ሕዝቡ ግን መጀመሪያ ላይ ተደስቷል ይባላል።

መምህር፦ በደቡብ የተደሰቱ ብዙ ነበሩ። ሙሰኞች ተወገዱ ብለው ነው። ደስታው ስንት ወር ቆየ? ሥልጣኑን የጦር አዛዡ ኢሮንሲ ያዙ፤ ያ ስሙን ያዢ ያልኩሽ ሰው። የተገደሉት በአብዛኛው የሰሜንና የምዕራብ ሰዎች፣ የገደሉት በአብዛኛው የምሥራቁ ሕዝብ የሆኑት ኢግቦዎች መሆናቸውን ሰሜኑ ቆጥሮ ያዘ። በጁላይ ሌላ መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ፤ ኢሮንሲም ተገደሉ። በሰሜን ከተሞች ምንም የማያውቁ ኢግቦዎች በሺዎች ተጨፈጨፉ። በሜይ 1967 የምሥራቅ ክልል ቢያፍራ በሚል ስም ተገነጠልኩ አለ። የዚያ ጦርነት ረኃብና ሞት ዓለምን አስለቅሷል። ጃንሆይ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስም ሁለቱን ወገኖች በኦገስት 1968 አዲስ አበባ ጠርተው አነጋግረዋል፤ አልሰመረም። ጦርነቱ ያበቃው ጃንዋሪ 15 ቀን 1970 ነው፤ ባሌዋ ከተወሰዱበት ሌሊት ልክ በአራተኛው ዓመት።

ጋዜጠኛ፦ የዛሬው ክብራቸው የመጣው ከዚህ መከራ ይመስለኛል። ከእሳቸው በኋላ የመጣው ስለከፋ እሳቸው ደግ መሰሉ።

መምህር፦ በከፊል እንደዚያ ነው። በባውቺ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው አለ። ነጻነት የታወጀበት የሌጎስ ሜዳ ታፋዋ ባሌዋ አደባባይ ተብሏል። መልካቸው በአምስት ናይራ ኖት ላይ አለ። ሰሜኑ እንደ ልጁ ያከብራቸዋል። ደቡብም ያሉ ሰዎች ስለ አስተዳደራቸው ሲጠየቁ ይወቅሳሉ፤ ስለ ሰውየው ሲጠየቁ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨዋ ነበሩ ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስሕተቱ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ነው። ጨዋነታቸውን ያየ ጥፋታቸውን ይሸፍናል፤ ጥፋታቸውን ያየ ግድያቸውን ይፈቅዳል። ሁለቱም አደገኛ ነው።

ጋዜጠኛ፦ እርስዎ በአንድ አረፍተ ነገር ፍረዱ ቢባሉ?

መምህር፦ ባሌዋ ንጹሕ ሰው፣ ትሑት መምህር፣ አፍሪካን በክብር የወከሉ መሪ ነበሩ፤ ሕግን በወዳጅና በባላንጣ ላይ እኩል አለማስከበራቸው ግን መንግሥታቸውን አፍርሶታል። የገደሏቸው ሰዎች ደግሞ ያንን ጥፋት አላረሙም፤ በብዙ እጥፍ አበዙት። ይኸው ነው።

ጋዜጠኛ፦ ወደ እርስዎ ስመጣ ልፈርድባቸው ነበር የመጣሁት። አሁንም እፈርድባቸዋለሁ፤ ግን የምፈርደው በ1962ና በ1965 መካከል ስላለው ልዩነት ነው። የእንግሊዝ ወዳጅነታቸውንና የሳርዳውናን ነገር ከክሱ አውጥቼዋለሁ።

መምህር፦ ያ ፍርድ ይጸናል። እንግዲህ ስለ ቀሩት የአፍሪካ መሪዎች ስትጽፊ አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ፤ አንባቢዎችሽንም አደራ በይልኝ። ስለ መሪ ስትጠይቁ ሰረቀ ወይስ አልሰረቀም ብላችሁ አትቁሙ። አለመስረቅ መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። በባላንጣው ላይ ያወጣውን ሕግ በወዳጁም ላይ አውጥቷል ወይ? ድምፅ ሲሰረቅ የሰረቀው የራሱ ሰው ቢሆንም ተቆጥቷል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። ይህን በሰላሙ ጊዜ፣ ጋዜጣ ሳይዘጋ፣ ምክር ቤት ሳይበተን ጠይቁ። ናይጄሪያ በሰላም ሳትመልሰው የቀረችውን ያንን ጥያቄ ጠብመንጃ ሊመልሰው ሞከረ፤ ሕዝቧም ዋጋውን በልጆቿ ደም ከፍሏል።